መጀመሪያ ተዘርጋ፣ ከዚያ ተገልበጥ

ምርኩዝ ዝላይን በቴሌቪዥን የሚከታተል ሰው ዓይኑን የሚተክለው አግዳሚው ዘንግ ላይ ነው፤ ወደቀ ወይስ ቆመ? እኔን የሚይዘኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው ነው። ዘላዩ መሬት ከለቀቀ በኋላ በአንድ ሰከንድ ገደማ ውስጥ እግሩ ወደ ሰማይ፣ ጭንቅላቱ ወደ መሬት ይዞራል። ዳሌው ከትከሻው በላይ ይወጣል፤ ምርኩዙም ቅልጥሙን ታክኮ ያልፋል። በመንደርደር የተገኘው ፍጥነት ሁሉ ወደ ከፍታ የሚለወጠው በዚህች መገልበጥ በኩል ነው። ጀማሪው ብዙ ጊዜ ተይዞ የሚቀረውም እዚህችው ላይ ነው።

የጅምናስቲክ አሠልጣኝ ነኝ። ብስራተ ገብርኤል ውስጥ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ባለች አዳራሽ ከትምህርት ቤት መልስ የሚመጡ ልጆችን አሠራለሁ። አብዛኞቹ የሚመጡት ሰውነታቸውን ለማፍታታት ነው። ጥቂቶቹ ግን ከፍታ ዝላይና ርዝመት ዝላይ የጀመሩ፣ ምርኩዝ ዝላይንም ለመሞከር የቆረጡ ወጣቶች ናቸው። አዳራሿ መንደርደሪያ የላትም፤ ምርኩዝ የሚተከልበት ሳጥንም የላትም። ያላት ፍራሽ፣ ከጣሪያው ተሸካሚ ብረት የታሰረ ወፍራም ገመድና በሁለት ቋሚ የተያዘ የመንጠልጠያ ብረት ነው። መገልበጥን ለማስተማር ከሚያስፈልገው አብዛኛው ይኸው ነው። ብዙ ሰው መገልበጥ የደፋር ልጅ ዕጣ ይመስለዋል። እኔ በየቀኑ የማየው ሌላ ነው፤ መገልበጥ ቅደም ተከተል ነው፣ ቅደም ተከተሉም ምርኩዝ ከመያዙ በፊት መሬት ላይ ይለመዳል።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ልግለጽ። በምርኩዝ ዝላይ ውስጥ ሁለት ዥዋዥዌዎች በአንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳሉ። አንደኛው ምርኩዙ ራሱ ነው፤ ታችኛው ጫፉ ሳጥኑ ውስጥ ተተክሎ፣ በላይኛው ጫፉ ዘላዩን ተሸክሞ ካዘነበለበት እየቀና ይነሳል። ሁለተኛው የዘላዩ ሰውነት ነው፤ ከእጆቹ ተንጠልጥሎ ወደ ፊትና ወደ ላይ ይወዛወዛል። የሁለቱ ጠባይ ይለያያል። ምርኩዙ ቶሎ የሚቀናው የተሸከመው ክብደት ወደ መሬት ዝቅ ሲልለት ነው፤ ስለዚህ ዘላዩ ረዝሞ ሲንጠለጠል ምርኩዙ በቀላሉ ይነሳል። ሰውነት ግን ቶሎ የሚዞረው ሲያጥር ነው። ከዚህ የሚወጣው ሕግ አጭር ነው፦ መጀመሪያ ተዘርጋ፣ ምርኩዙ ሲነሳ ተሰብሰብ፣ ከዚያ ወደ ላይ እንደገና ተዘርጋ። ቀድሞ የተሰበሰበ ልጅ ራሱ ይዞራል፤ ምርኩዙ ግን መንገድ ላይ ይቆምበታል።

ጀማሪ ይህን ሕግ የሚያፈርሰው በሦስት መንገድ ነው፤ ሦስቱም ከተፈጥሮ የመጡ ናቸው። አንደኛው በእጅ መሳብ ነው። አየር ላይ የተንጠለጠለ ሰው ክርኑን አጥፎ ወደ ያዘው ነገር መጠጋት ይፈልጋል። ክርኑ ሲታጠፍ ግን ትከሻው ወደ ምርኩዙ ይጠጋል፣ ውዝዋዜው ያጥራል፣ ዳሌው ታች ይቀራል። ሁለተኛው አንገትን ወደ ኋላ መወርወር ነው። ልጁ መሬቱን ወይም አግዳሚውን ለማየት ጭንቅላቱን ይጥላል፤ ያኔ ወገቡ ይለመጣል፣ እግሩም ከምርኩዙ ርቆ ይበተናል። ሦስተኛው መሬት እንደለቀቁ ጉልበትን ወደ ደረት መሰብሰብ ነው።

በቀኝ እጁ ለሚጽፍ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ቀኝ እጁ ከላይ ይሆናል፤ ከመሬት የሚነሳው ደግሞ በግራ እግሩ ነው። ሲነሳ የቀኝ ጉልበቱ ወደ ፊት ይወጣል፤ ግራ እግሩ ግን ወደ ኋላ እንደተዘረጋ መዘግየት አለበት። ይህ የዘገየ እግር ነው ቀጥ እንዳለ ከኋላ ወደ ፊት ጠርጎ የሚመጣውና ዳሌውን ወደ ላይ የሚወስደው። ለልጆቹ የምነግራቸው ሦስት ነገር ነው፤ ክንድህ ይርዘም፣ ግራ እግርህ ይዘግይ፣ ዓይንህ የእግርህን ጣት ይከተል። ከዚህ በላይ ብናገር አየር ላይ ያለ ልጅ አያስታውሰውም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን እንደሚያስፈልግ ትንሽ ስሌት ያሳያል። በሰከንድ 10 ሜትር የሚንደረደር ሰው ፍጥነቱ ሁሉ ምንም ሳይባክን ወደ ከፍታ ቢለወጥለት የሰውነቱ የክብደት ማዕከል 5 ሜትር ያህል ይነሳል። ቆሞ ሳለ ማዕከሉ ከመሬት 1 ሜትር ያህል ላይ ስለሆነ 6 ሜትር አካባቢ ይደርሳል ማለት ነው። ስዊድናዊው አርማንድ ዱፕላንቲስ ግን እ.ኤ.አ. በ2025 ቶኪዮ ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና 6.30 ሜትር ዘሏል። ፍጥነት ሁሉ ሳይባክን እንደማይለወጥ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ትርፉን ያመጣው ዘላዩ አየር ላይ ሆኖ የሠራው ሥራ ነው። ረጅሙ ውዝዋዜ፣ መገልበጡ፣ መዞሩና የመጨረሻው ግፊት ማለት ነው። ለጀማሪም ሒሳቡ ያው ነው። በሰከንድ 7 ሜትር የሚሮጥ ታዳጊ ከፍጥነቱ የሚያገኘው ቢበዛ 2.5 ሜትር ያህል ነው፤ በጥሩ ውዝዋዜ ካልተገለበጠ ከዚያም ላይ ይባክንበታል።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። መገልበጥ የማያውቅ ሰው ሲገለበጥ የሚሰማው ፍርሃት ስንፍና አይደለም። በውስጠኛው ጆሯችን ያሉ ጥቃቅን የካልሲየም ቅንጣቶች የመሬት ስበት በየት በኩል እንደሚጎትተን ለአንጎል ይናገራሉ። ሰው ሲዘቀዘቅ የሚደርሰው መልእክት ያልተለመደ ይሆናል፤ ዓይንም የሚያየው ተገልብጦ ነው፤ ደምም ወደ ፊት ይወርዳል። አንጎል ግራ ሲገባው ሰውነቱን ያስራል። ልጁ ትንፋሹን ይይዛል፣ አንገቱን ያቀናል፣ ክርኑን ያጥፋል። ከላይ የዘረዘርኳቸው ስህተቶች ከዚህ ይመነጫሉ። እንግዲህ «አትፍራ» ማለት ምን ይጠቅማል? የሚጠቅመው አንጎል አዲሱን መልእክት በጥቂት በጥቂቱ እንዲለምድ ማድረግ ነው።

ስለዚህ የምንጀምረው ፍራሽ ላይ ነው። ልጁ በጀርባው ይተኛል፤ እግሩን ቀጥ አድርጎ ያነሳል፤ ወደ ኋላ ተንከባሎ ትከሻው ላይ ይቆማል። እዚያ ለጥቂት ሰከንድ ይቆይና ይወርዳል። ይህን ያለ ጭንቀት ሲሠራ ወደ መንጠልጠያው ብረት እናልፋለን። ክንዱን ዘርግቶ ይንጠለጠላል፤ ክርኑን ሳያጥፍ ቅልጥሙ ብረቱን እስኪነካ ድረስ እግሩን ያነሳል። መጀመሪያ ላይ ማንም በቀላሉ አይሆንለትም፤ ሆዱና የጀርባው ሰፊ ጡንቻ ገና ናቸው። ጉልበቱን አጥፎ ይጀምራል፤ ከሳምንት ሳምንት እየዘረጋው ይሄዳል። ቀጥሎ ዳሌውን ወደ ብረቱ አውጥቶ፣ እግሩን ወደ ጣሪያ ቀጥ አድርጎ፣ ጀርባው ሳይለመጥ ተዘቅዝቆ መቆየት ይለምዳል። በዚህ ሁሉ አንድ እጄ ወገቡ ላይ፣ አንድ እጄ ትከሻው ላይ ነው።

ተዘቅዝቆ ሳለ አንድ ትእዛዝ እሰጠዋለሁ፦ «ግራ እግርህን ብቻ ዝቅ አድርግ» እለዋለሁ። አዲስ ልጅ ብዙ ጊዜ ቀኙን ያወርዳል ወይም ይደናገራል። ሳያስብ ትክክለኛውን እግር ያወረደ ቀን፣ አቅጣጫው አእምሮው ውስጥ እንደተቀመጠለት አውቃለሁ። ለጡንቻ ጥንካሬ ብዙ መለኪያ አለ፤ ለመገልበጥ ዝግጁነት ግን ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላገኘሁም።

ከዚያ ገመዱ ይመጣል። ልጁ ጥቂት እርምጃ ተንደርድሮ፣ ገመዱን ከፍ አድርጎ ይዞ፣ በግራ እግሩ ተነስቶ ይወዛወዛል። ትእዛዙ አንድ ነው፤ ውዝዋዜው ወደ ላይ መውጣት እስኪጀምር ድረስ ረዝመህ ቆይ። መገልበጡ የሚመጣው ገመዱ ወደ ጫፉ ሲጠጋ ነው። እዚህ ላይ ልጆች የሚያገኙት ግኝት ሁሌም ደስ ይለኛል። በጉልበት ሲታገሉ የቆዩለት ነገር ዝም ብለው ረዝመው ሲጠብቁ በራሱ ይመጣላቸዋል። አንዷ ልጅ ከገመዱ ወርዳ «ኮች፣ እኔ እኮ ምንም አላደረግሁም፤ እግሬ ራሱ ነው የወጣው» አለችኝ። ምርኩዝ ዝላይን ለመማር መዘጋጀቷን የነገረችኝ በዚህ አነጋገር ነው።

ወደ እውነተኛው ምርኩዝ የሚሸጋገሩት ሜዳ ላይ፣ መጀመሪያም ያለ መገልበጥ ነው። ይህን አጥብቄ እናገራለሁ፤ የደኅንነት ጉዳይ ነውና። ምርኩዙ ቀጥ ብሎ ከማለፉ በፊት የተገለበጠ ልጅ ወደ መጣበት ወደ መንደርደሪያው ተመልሶ ሊወድቅ ይችላል፤ እዚያ ደግሞ ፍራሽ የለም። ስለዚህ ጀማሪው አጠር ባለ፣ በማይለመጥ ምርኩዝ፣ ዝቅ አድርጎ ይዞ፣ በጥቂት እርምጃ ተንደርድሮ አሸዋ ላይ በእግሩ ያርፋል። እጁ ምርኩዙ ላይ ወደ ላይ የሚወጣው ቀስ በቀስ ነው። ምርኩዙ በእያንዳንዱ ዝላይ ቀጥ ብሎ እያለፈ ልጁን በሚገባ ወደ ማረፊያው ውስጥ ማድረስ ሲጀምር ብቻ መገልበጥ ይፈቀዳል፤ ያም ወፍራም ማረፊያ ፍራሽ ባለበት ቦታ። በትልልቅ ውድድሮች ማረፊያው 6 ሜትር በ6 ሜትር፣ ውፍረቱም 80 ሳንቲ ሜትር ነው። ሳጥኑ ደግሞ 1 ሜትር ርዝመት ያለው፣ በመጨረሻው ጫፍ 20 ሳንቲ ሜትር የሚጠልቅ ነው። እነዚህ ልኮች ለውበት አልወጡም፤ ሰው ከከፍታ በጀርባው እንደሚያርፍ ታስቦ የወጡ ናቸው።

ወላጆች ይህን ሁሉ ሲያዩ ይጨነቃሉ፤ መጨነቃቸውም ተገቢ ነው። ልጃቸውን ሊወስዱ የመጡ አንዲት እናት ብረቱ ላይ ተዘቅዝቆ ሲያዩት «ልጄ፣ አንገቱ ቢቀጭብኝስ?» አሉኝ። «እትዬ፣ ይምጡና ከአጠገቡ ይቁሙ» ብያቸው አስጠጋኋቸው። ፍራሹን በእግራቸው ረገጡት፤ ጭንቅላቱ ከፍራሹ ምን ያህል እንደሚርቅ አዩ፤ እጄ የት እንደሚይዘው አዩ። ከዚያ በኋላ ጥያቄያቸው ተለወጠና «ምን አብልቼ ልላከው?» ሆነ። ይህ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። ከከባድ ምግብ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ሳይቆይ ልጅ መዘቅዘቅ የለበትም። በዐቢይ ጾም ደግሞ አንዳንዶቹ ምንም ሳይቀምሱ ይመጣሉ። እነዚያን አላዘቀዝቃቸውም፤ ምርኩዝ አያያዝና አተካከል በእርምጃ ብቻ እንዲለማመዱ አደርጋለሁ። ደም ግፊት ያለበት፣ ጆሮው የሚመግል፣ የዓይን ግፊት ወይም የአንገት ጉዳት ያለበት ልጅ ካለ ሐኪም ሳያየው አይገለበጥም። በየወሩ በ19 የገብርኤል ዕለት መንገዱ በምእመናን ሲሞላ ዘግይተው የሚደርሱ ልጆችም አሉ። የዘገየ ልጅ ሰውነቱን ሳያሟሙቅ በቀጥታ ወደ ብረቱ አይሄድም፤ ሰዓቱ ቢያልቅ እንኳ ማሟሟቁን ብቻ ሠርቶ ይመለሳል።

መሬት ላይ የሚሠራው ሥራ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የስፖርቱ ታሪክ ይመሰክራል። አሜሪካዊው ኮርኔሊየስ ዋርመርዳም እ.ኤ.አ. በ1940 4.57 ሜትርን በመዝለል የመጀመሪያው ሰው ሲሆን በእጁ የነበረው ቀርከሃ ነበር። በ1942 ያስመዘገበው 4.77 ሜትር እስከ 1957 ድረስ የዓለም ክብረ ወሰን ሆኖ ቆየ። ቀርከሃ እንደ ዛሬው ምርኩዝ ተለምጦ አይወረውርም፤ ለመገልበጥ የሚሆን ጊዜም አይሰጥም። ከመንደርደሩ ባሻገር የዋርመርዳም ከፍታ የመጣው ከሰውነቱ ውዝዋዜ ነው።

አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶንን ባሸነፈበት የ1960 የሮም ኦሎምፒክ ዶን ብራግ በብረታ ብረት ምርኩዝ 4.70 ሜትር ዘሎ ወርቅ ወሰደ፤ በእንዲህ ያለ ምርኩዝ ኦሎምፒክን ያሸነፈ የመጨረሻው ሰው እሱ ነው። አበበ በቶኪዮ በ1964 ሲደግም ፍሬድ ሃንሰን በፋይበርግላስ ምርኩዝ 5.10 ሜትር ዘለለ። በአራት ዓመት 40 ሳንቲ ሜትር ተጨመረ ማለት ነው። የሚለመጠው ምርኩዝ ጉልበት አጠራቅሞ ይመልሳል፤ ሲለመጥም ስለሚያጥር ለመገልበጥ ጊዜና ምቾት ይሰጣል። ነገር ግን መገልበጥን ለማያውቅ ሰው ይህ ስጦታ ከንቱ ነው፤ ምርኩዙ ተመልሶ ሲዘረጋ ዳሌው ገና ታች ያለ ዘላይ ወደ ፊት ይወረወራል እንጂ ወደ ላይ አይወጣም።

የሴቶች ምርኩዝ ዝላይ ኦሎምፒክ የገባው በ2000 ሲድኒ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ከሁሉ የገነነችው ሩሲያዊቷ የሌና ኢሲንባየቫ በአምስት ዓመቷ ጅምናስቲክ ጀምራ እስከ 15 ዓመቷ ድረስ በዚያው ነበረች። ቁመቷ ለጅምናስቲክ ሲረዝም ወደ ምርኩዝ ዝላይ ተዛወረች። በ2005 5 ሜትር የዘለለች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች፤ በ2009 ዙሪክ ላይ ያስመዘገበችው 5.06 ሜትርም እስከ ዛሬ አልተሰበረም። አሥር ዓመት ሙሉ በጅምናስቲክ አዳራሽ ያጠራቀመችው መገልበጥ አብሯት ሜዳ ወጣ።

ወደ እኛ ስመጣ የማስበው ይህንን ነው። ኢትዮጵያ እስካሁን በኦሎምፒክ ያገኘቻቸው ሜዳሊያዎች ሁሉ ከ800 ሜትር እስከ ማራቶን ባለው ሩጫ የመጡ ናቸው። ይህ ኩራታችን ነው። ነገር ግን ለረጅም ሩጫ ሠርቶልናል የምንለው ከፍታ ለዝላይም ይሠራል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ የሳሳ ነው፤ የሚንደረደርን ሰው ብዙ አይገታም። 2,240 ሜትር ላይ ባለችው ሜክሲኮ ሲቲ በ1968 ማሞ ወልዴ ማራቶንን ሲያሸንፍ ቦብ ቢመን በርዝመት ዝላይ 8.90 ሜትር ዘሏል፤ በምርኩዝ ዝላይም ሦስት ሰዎች እኩል 5.40 ሜትር ደርሰው አሸናፊው የተለየው በሙከራ ብዛት ነበር። እንዲህ ያለውን አየር የእኛ ልጆች በየጠዋቱ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ይተነፍሱታል።

መገልበጥን የሚያስተምር ሰውም የሌለን አይደለም። ሰርከስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 አዲስ አበባ ላይ ከተጀመረ ወዲህ የአገራችን ልጆች በየከተማው በፍራሽ፣ በገመድና በጓደኛ ትከሻ ላይ መገልበጥን ተምረዋል። ፍካት ሰርከስ ዛሬም በአዲስ አበባ ይህን ይሠራል። ከጅማ ተነስተው ሰርከስ አቢሲኒያን የመሠረቱት ወንድማማቾች ቢቢና ቢቹ ተስፋማርያም «ቱሉ» የተሰኘ ትርኢታቸውን የሠሩት በደራርቱ ቱሉ ታሪክ ተመስጠው ነው። የሰርከስ ሰዎቻችን ከሯጮቻችን ተምረዋል። የአትሌቲክስ ሰዎቻችን ከሰርከስ የሚማሩበት ጊዜ ደርሷል ብዬ አምናለሁ። አየር ላይ ሰውነቱ የት እንዳለ የሚያውቅ ልጅ ማፍራት በአሰላ ላለው የጥሩነሽ ዲባባ የስፖርት ማሠልጠኛ ማዕከልም ይጠቅማል፤ ለየትኛውም ትምህርት ቤት የስፖርት መምህርም ይጠቅማል።

የመሣሪያ ዋጋ ውድ መሆኑን አውቃለሁ። የፋይበርግላስ ምርኩዝ ለዘላዩ ክብደትና ለእጁ ከፍታ ተመርጦ የሚገዛ ነው፤ ልጅ ሲያድግ ምርኩዙም ይለወጣል። ማረፊያ ፍራሹም ቀላል አይደለም። ነገር ግን አንድ ልጅ እነዚህን በሚገባ ለመጠቀም ብዙ ወራት መዘጋጀት አለበት፤ ያ ዝግጅት ደግሞ ውድ አይደለም። ከአዊ ደጋ እስከ ሲዳማ የሚበቅል ቀርከሃ አለን፤ በአፍሪካ ሰፊ የቀርከሃ ደን ካላቸው አገሮች ቀዳሚዎች ነን። ቀርከሃ ሊሰበር ስለሚችል ልጅን ከፍ ብሎ እንዲዘልበት አልመክርም። በእርምጃ አያያዝና አተካከል ለመለማመድ ግን ይበቃል። በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የሚተከል አንድ የመንጠልጠያ ብረት፣ ከሥሩም ፍራሽ፣ ከትልቅ ዛፍ ላይ በጥንቃቄ የታሰረ ገመድ ቢኖር የስፖርት መምህሩ የመጀመሪያውን ዓመት ትምህርት በሙሉ መስጠት ይችላል።

ለመምህራን ጓደኞቼ የማቀርበው ሐሳብ ግልጽ ነው። ከፍታ ዝላይ የሚወዱ፣ በአጭር ርቀት ፈጣን የሆኑ ጥቂት ልጆችን ምረጡ። በሳምንት ሁለት ቀን ብረቱ ላይ አንጠልጥሏቸው። ክንዳቸው ሳይታጠፍ ቅልጥማቸው ብረቱን እስኪነካ ታገሡ፤ ተዘቅዝቀው ግራና ቀኛቸውን እስኪያውቁ ታገሡ፤ ገመዱ ላይ ረዝመው መጠበቅን እስኪለምዱ ታገሡ። ምርኩዙና ማረፊያው ያሉበትን ቦታ ከዚያ በኋላ እንፈልግላቸዋለን፤ ያን ጊዜ የምንወስደው የተዘጋጀ ልጅ ነው። የሚሮጥ ልጅ አለን፤ የሚገለበጥ ልጅም አለን። ሁለቱን በአንድ ልጅ ውስጥ ማገናኘት የእኛ የአሠልጣኞች ሥራ ነው፤ ለመጀመርም ከፍራሽና ከመንጠልጠያ ብረት በላይ የምንጠብቀው ነገር የለም።